ባለ ሁለት ኦሙ ባጃጅ፦ በጋምቤላ ከተማ የባስ አገጣጠም ላይ የቀረበ ጥናት

ጀርመናዊው ጌዮርግ ሲሞን ኦም የኤሌክትሪክ ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1827 አሳትሞ ሲያወጣ ባጃጅ አልነበረም። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ በ1886 «ኢምፔዳንስ» የሚለውን ስም ሲያወጣም አልነበረም። ሁለቱም ሐሳባቸው በተግባር ሲፈተን ሳያዩ አለፉ። ፈተናው የሚሰጠው ጋምቤላ ነው፤ ባሮ ድልድይ አካባቢ፣ በመጋቢት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በሦስት ጎማ።

ነገሩ ለማያውቀው አንባቢ፦ ሰብዉፈር ማለት ከተሳፋሪው ወንበር ጀርባ በሣጥን ታሽጎ የሚቀመጥ፣ ከዘፈኑ ውስጥ ዘፈኑን ትቶ ድብደባውን ብቻ የሚያደርስ ስፒከር ነው። በውስጡ የመዳብ ሽቦ ጥምጥም አለ፤ ኮይል ይሉታል። ኮይሉ የአምፑን፣ ማለትም የድምፅ ማጉያውን፣ ጉልበት የሚገታበት መጠን (ኢምፔዳንስ) በኦም ይለካል። ኦሙ በግማሽ ሲወርድ አምፑ የሚገፋው ከረንት እጥፍ ይሆናል፤ ባሱ ይጨምራል፤ ሙቀቱም አብሮ። በዚህ ምክንያት አምፑ ሆዱ ላይ «በብሪጅ ሲታሰር ከ4 ኦም አይነስ» የሚል ጽሑፍ አለው፤ አጉሊ መነጽር ላለው። «3000 ዋት» የሚለው ግን ፊቱ ላይ በወርቅማ ቀለም ስለተጻፈ ከድልድዩ ማዶ ሆኖም ይነበባል። ጎኑ ላይ የተሰካው ፊውዝ 30 አምፔር ነው። የባጃጁ ባትሪ 12 ቮልት ነው። 30 በ12 ሲባዛ 360። የቀረውን 2640 ዋት ይህ ጥናት ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ እስከ ጋምቤላ ባለው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ላይ እንደተንጠባጠበ አድርጎ መዝግቦታል።

ባስ ገጣሚዎች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ባለ መልቲሜትሩ ነው። ባለ 4 ኦም የተባለውን ኮይል ሲለካ 3.4 ያነብና «ፌክ ነው» ብሎ ዕቃውን ይመልሳል። ሜትሩ የሽቦውን ሪዚስታንስ ብቻ ስለሚያነብ ደህናው ኮይልም ብዙውን ጊዜ ከተጻፈበት ዝቅ ብሎ ይታያል። ይህን የነገረው ሰው የለም፤ እኛም አንነግረውም፤ ሌላ የሚያስከብረው ዕቃ የለውም።

ሁለተኛው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» በሚለው ምክር የሚመራው፣ ባለ ድርብ ኮይል ሰብዉፈር የሚገዛው ወገን ነው። እያንዳንዱ ኮይል 4 ኦም ነው። ሁለቱን በሲሪስ ካሰራቸው 8 ኦም ይሆኑና ባሱ የታመመ ሰው ሳል ይሆናል። በፓራለል ካሰራቸው 2 ኦም ይሆኑና አምፑ ይነዳል። አምፑ የሚፈልገው 4 ነው፤ 4 ደግሞ አይመጣም። አንዱን ኮይል ብቻ ማሰር ይቻል ነበር፤ የከፈለበትን መዳብ ሥራ ፈት አድርጎ ይዞት የሚዞር ሰው ግን ጋምቤላ ውስጥ አልተገኘም። በወረቀት ላይ ያማረው መፍትሔ ሁለት ሰብዉፈር ገዝቶ አራቱን ኮይሎች ሁለት ሁለት አድርጎ ማሰር ነው። ድምሩ ልክ 4 ኦም ይመጣል፤ ለተሳፋሪ የሚቀረው ቦታም ለአንድ ቀጭን ሰው ይበቃል።

ሦስተኛው ምድብ የመዳፍ መርማሪዎች ናቸው። ምንም አይለኩም፤ በፓራለል ያስሩና አምፑን ይዳብሳሉ። ሳይንስ እስካሁን ስላላያቸው ዘርዘር ማድረግ ተገቢ ነው።

በእጅ ጀርባ የሚዳብሱ አሉ፤ የልጅ ግንባር የነኩ ያህል ረጋ ብለው። በሌባ ጣት ብቻ ነክተው የሚመለሱ አሉ፤ እነዚህ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ በመዳፍ የነኩ ናቸው። መዳፋቸውን ለጥፈው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚቆጥሩ አሉ። የሰው መዳፍ 50 ዲግሪ የደረሰ ብረትን ጥቂት ሰከንድ ይታገሣል፤ በ60 ራሱ ይሸሻል። ስለዚህ መዳፍ ሥራውን የሚያውቅ መሣሪያ ነው። ችግሩ ከተማዋ ነች። በበጋ ጥላ ሥር ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ያለ አምፕ ደግሞ ገና ሳይበራ 50 አልፎ ይጠብቃል። መርማሪው ዳብሶ «ሞቋል» ሲል አምፑ ጠፍቶ ነው።

የእነዚህ ንዑስ ክፍል ደግሞ ምራቀኞቹ ናቸው። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው አምፑን ይነኩና «ጭስ» የሚል ድምፅ ይጠብቃሉ፤ እንጀራ ጋጋሪ ምጣዷን እንደምትሞክረው። ጭስ የሚለው ከ100 ዲግሪ በላይ ነው፤ አምፑ ግን ከዚያ በፊት ቀይ መብራቱን አብርቶ ራሱን ያጠፋል። በመሆኑም ከምራቀኞቹ መካከል ድምፁን የሰማ የለም። ይህም «እስካሁን ደህና ነው» ለማለት ያስችላቸዋል።

ከመዳፍ መርማሪዎቹ አንዱን፣ የተሳፈርኩበትን ባጃጅ የሚነዳውን ልጅ፣ ጠየቅሁት፦ «ወንድሜ፣ ስንት ኦም ነው ያሰርከው?»

«ሲሞቅ ይስተካከላል።»

ይህን መልስ መናቅ ቀላል ነበር። ሆኖም መዳብ በሞቀ ቁጥር ሪዚስታንሱ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በ20 ዲግሪ 3.4 ያነበበው ኮይል በጋምቤላ ቀትር 3.7 ያነባል። ባሱ ተከፍቶ ከዋለና ኮይሉ መቶ ዲግሪ ከጨመረ በላዩ 40 በመቶ ያህል ይወጣል፤ በፓራለል የታሰረው 2 ኦም ወደ 3 ይጠጋል። ልጁ ኦምን አላነበበም፤ ኦም ግን ለልጁ ያዳላል። አምፑም ስለሚሞቅ ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሚሞት አልተጠናም፤ ሰፈሩ በሙሉ የቀትር እንቅልፉን እንዳጣ ግን ተጠንቷል።

ከዚህ በኋላ የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ብር ወረቀት የሚጠቀልሉትን ለመመደብ ታስቦ ነበር። ነገር ግን የዓሣ ዘንቢል የያዙ እናት ከጎኔ ተሳፈሩና ገና ሳይቀመጡ «ልጄ፣ ቀንሰው እስቲ» አሉ። ልጁ «እሺ እማማ» ብሎ ቀነሰው። ድምፅ ሲቀንስ ከረንት ይቀንሳል፤ ባለ 2 ኦሙ ጭነት ማንንም የማይጎዳ ሆነ፤ ከባሱ ጋር ሲደበዝዝ የነበረው የፊት መብራትም ቀጥ ብሎ በራ። መልቲሜትሩም፣ መዳፉም፣ ምራቁም ያላመጡት ውጤት ነው። በየትኛው ምድብ እንደሚገቡ ስንወስን ገበያው ጋ ወረዱ፤ ልጁም ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረው።

እኔም ስወርድ መቶ ብር ሰጠሁት። «ዝርዝር የለም» ያለኝ ይመስለኛል፤ በባሱ ምክንያት አልሰማሁትም።