ማን ያስተርጉም?

ከዶሎ መና ተነስተን ሽቅብ ስንወጣ፣ ሪራ ሳንደርስ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሃረና ደን ላይ ጉም ሲወርድ ፊት ለፊት የቆመ ሰው አይታይም። ከደኑ በላይ ደግሞ የሳነቴ አምባ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ሲመሽ አጥንት የሚቆረጥም ብርድ። ወንዶቹ ድንጋይና ቅጠል እያነጠፍን ስንገፋ አንዲት አዛውንት እናት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከልጅ ልጃቸው ጋር ዳር ቆመዋል። አሟቸዋል። ልጁ ለመሳፈሪያውም ለሕክምናውም የጫካ ቡና ሸጦ ነው የመጣው።

ደጋው ላይ ካለ አንድ ሐኪም ቤት ስንደርስ ልጁ ለምኖኝ አብሬያቸው ገባሁ። ሐኪሙ ከሩቅ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ኦሮምኛ አይሰማም። ልጁም አማርኛ አይሆንለትም። “ወንድሜ፣ አንተ አስተርጉምልን” ተባልኩ። ስሜን እንኳ የጠየቀኝ የለም።

ሴትየዋ የልጅ ልጃቸውን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ መጋረጃ እንኳ ያልከለላቸውን ሌሎች ሕሙማን አዩ። “ደህና ነኝ” አሉ። ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው! ልጁን አስወጣሁትና በሹክሹክታ ነገሩኝ። ያሉትን እዚህ አልጽፈውም።

ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ተባለ፤ ወዲያው ወረቀትና የአሻራ ቀለም መጣ። የአገሪቱ የጤና ሕግ ታካሚ ፈቃዱን የሚሰጠው ተነግሮት፣ ገብቶት እንዲሆን ይፈልጋል። ሐኪሙን ምን እንደሚደረግላቸው፣ ቢተውትስ ምን እንደሚመጣ ጠየቅኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ በር ላይ የተኮለኮለው ተራ ጠባቂ ነው ያጣደፈው። በደንብ አስረዳ። እሳቸው ግን “ሴት የለችም?” አሉ። ተረጎምኩት። ለካ ማዋለጃ ክፍል የዶሎ መና ልጅ የሆነች ነርስ አለች! እሷ ስትመጣ እኔ ወጣሁ። ብዙ አወሩ።

በዚያ ቀን አልፈረሙም፤ ሴት ልጃቸውን ሊያማክሩ ፈለጉ። “ለራሳቸው አያውቁም” ያለ ሰው ነበር፤ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይናገራል። ሕጉ ምሁርና መሃይም ብሎ አይለይም።

ስንመለስ ተሳፋሪው ሁሉ “ምን ሆነው ነው?” እያለ ያዋክበኝ ጀመር። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር አንድ ቃል ካመለጠ ከቡና ቡና ይዞራል። የወንጀል ሕጉ የታካሚን ምስጢር ያባከነ የጤና ባለሙያን ይቀጣል፤ እኔ ግን መንገደኛ ነበርኩ። ያቺ ነርስም የመጣችው የራሷን ሥራ አቋርጣ ነው። ስለዚህ በሐኪም ቤት ማስተርጎም መደብ ይውጣለት፤ ደመወዝ ይቆረጥለት፤ የሚቀጠረው ሰውም ምስጢር ለመጠበቅ ይማል፤ ሴት ለምትፈልግ ሴት ትኑር።