እንደደረሰኝ

«እንደደረሰኝ» የምትለዋ ቃል ታናድደኛለች። ሰው አንድ ሊንክ ይልክላችኋል፤ ከሥሩ «እንደደረሰኝ» ብሎ ይጽፋል። ውሸት ከሆነ የላከልኝን ጠይቁ፤ እውነት ከሆነ ግን ቀድሜ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ ማለቱ ነው። እኛ የምናውቀው ደረሰኝ ማኅተምና ተራ ቁጥር ያለው፣ ከፍለን የምንቀበለው ወረቀት ነበር። ይሄኛው ማኅተም የለው፣ ቁጥር የለው፣ የሰጪው ስም የለው።

ቃሏን በእኛ ሰፈር ያስለመዱት ጋሽ ዘውዴ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ሥራቸው የገባውን ደብዳቤ ሳያነቡ ወደሚመለከተው ክፍል መምራት ነበር። ዛሬም ያንኑ ይሠራሉ፤ የሚመለከተው ክፍል ብቻ ተቀይሮ የእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ሆኗል።

ባለፈው ቅዳሜ ፈረንሳይ ሰፈር፣ ታክሲ ማዞሪያው አጠገብ፣ ጽጌ ጀበና ቡና ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሰማሁትን ነው የምጽፈው። ጽጌ ቀን ቡና ታፈላለች፤ ማታ አካውንቲንግ ትማራለች። የጻፍኩት እንደደረሰኝ ነው።

ጋሽ ዘውዴ፦ ጽጌ፣ የላክሁልሽን አየሽው?

ጽጌ፦ የትኛውን ጋሽዬ? ዛሬ ብቻ ሃያ ሦስት ነው የላኩት።

ጋሽ ዘውዴ፦ የንባቡን ነዋ! እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከፈረንሳዮች ጋር ሆነው ያጠኑት። ትዊተር ላይ ሰው ካጋራው ሊንክ ውስጥ 59 በመቶው አንድም ሰው ሳይጫነው ቀርቷል። 59 በመቶ! አየሽ የዚህን ትውልድ ጉድ? ይልካል እንጂ አይከፍትም። በእኛ ጊዜ ሰው የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ እንኳ አንብቦ ነበር የሚጥለው። እኔ ራሴ የሱዳንን ጉዳይ በሙሉ የማውቀው ከበርበሬ መጠቅለያ ነው። ግማሹ ተቀዶ ስለነበር መጨረሻውን አላወቅሁም እንጂ…

ጽጌ፦ ጥናቱን አነበቡት?

ጋሽ ዘውዴ፦ ርዕሱን ነዋ። ፍሬ ነገሩ እኮ ርዕሱ ላይ ነው። ዶሮ ወጥ ሲቀርብልሽ ላባዋን አምጡልኝ ትያለሽ? እኔ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ስመራ «ጉዳዩ» ከሚለው መስመር ወርጄ አላውቅም፤ አንድም ቀን ተሳስቼ… አንድ ጊዜ ብቻ የአንዱን የሠርግ ጥሪ ለግዢ ክፍል መርቼዋለሁ። እሱም ቢሆን ጨረታ ወጣበት።

ጽጌ፦ አቦሉ ደርሷል።

ጋሽ ዘውዴ፦ ቅጂ። ደግሞ ሌላም ልኬልሻለሁ። የአሜሪካ ሕዝብ ሬዲዮ የሚሉት ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ነው። አሜሪካ ማንበብ ለምን ተወች ይላል። ይህቺን እንዳየሁ ደሜ ፈላ። እዚያው ግሩፑ ላይ ከግእዝ ጀምሬ፣ በብራና አልፌ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ነክቼ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩበት። ሰላሳ አራት ሰው «አሜን» ብሎልኛል።

ጽጌ፦ እኔ ከፍቼው ነበር።

ጋሽ ዘውዴ፦ እንዴት ነው ታዲያ? ልክ ነኝ አይደል?

ጽጌ፦ ውስጡ ጽሑፍ የለም። የፈረንጆቹ ሚያዝያ አንድ ቀን ቀልድ ነው። ሳያነብ አስተያየት የሚጽፈውን ልናይ ነውና ይህን ያነበባችሁ ዝም በሉ ነው የሚለው።

ጋሽ ዘውዴ፦ …እና ዝም አሉ?

ጽጌ፦ የከፈቱት ዝም አሉ። ያልከፈቱት ጻፉ።

ጋሽ ዘውዴ፦ እኔን እዚያ ውስጥ እንዳትቆጥሪኝ። እኔ በአማርኛ ነው የጻፍኩት።

(«አሜን» የሚለው ነገር ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። የእድሩ ግሩፕ ላይ ጸሐፊው «ማክሰኞ ውሃ ስለማይኖር ከወዲሁ ቅዱ» ብሎ ሲለጥፍ አሥራ አንድ ሰው አሜን ብሏል። አንዷ ጭራሽ «አሜን፣ ለሁላችንም ያድርግልን» ብላለች።)

ጽጌ፦ ኖርዌዮች ግን ሳያነብ ለሚጽፍ ሰው መላ ነበራቸው። ኤንአርኬ የሚሉት የሕዝብ ማሠራጫቸው የቴክኖሎጂ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2017 ሦስት ጥያቄ ማቅረብ ጀመረ። ከጽሑፉ ነበር የሚጠየቀው። ያልመለሰ አስተያየት መስጠት አይችልም ነበር።

ጋሽ ዘውዴ፦ ፈተና? በዚህ ዕድሜዬ? የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትኜ በአንደኛ ደረጃ አልፌያለሁ፤ ወረቀቱም ቤት አለ። ሁለተኛ ማንም አይፈትነኝም! ደግሞ እነዚህ ፈረንጆች ማጋራትን ለእኛ ሊያስተምሩን ነው? ስሚ፣ ልንገርሽ። ቲም በርነርስ ሊ የሚሉት እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1989 ጄኔቭ፣ ሰርን ተቀምጦ ድረ ገጽ የሚባለውን አሰበ። ያሰበው ከማን ነው? ከእኛ! አዋጅ ነጋሪው ገበያ መሃል ነጋሪቱን እየጎሰመ ምን ይል ነበር? «አዋጅ አዋጅ የደበሎ ቅዳጅ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይሄ ምንድነው? ሼር አድርጉ ማለት አይደለም? ላይክ አድርጉ የምትለዋ ብቻ ናት የጎደለችው። እሷንም በእልልታ እንተካት ነበር። ነጋሪቱ ራሱ ምንድነው? ያቺ ስልክሽ ላይ ጢን የምትለዋ ናታ! ነጋሪቱን ሰሙ፣ ቀዱ፣ ሰማንያ ዓመት ቆይተው መልሰው ሸጡልን። ይሄን ጽፌ ለአንድ ጋዜጣ ልልከው ነበር፤ ግን እስቲ መጀመሪያ ግሩፕ ላይ ይታይ ብዬ…

ጽጌ፦ አዋጅ ነጋሪው የላከው ይታወቅ ነበር።

ጋሽ ዘውዴ፦ ምን?

ጽጌ፦ ማን እንደላከው። አብራኝ የምትማር የአፋር ሎጊያ ልጅ አለች። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ የሚሉትን ወሬ ይለዋወጣሉ። በዓይንህ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው? ከማን ሰማህ? ይባላል። ውሸት ያመጣ ይጠየቅበታል አለችኝ።

ጋሽ ዘውዴ፦ እንደዚያማ ከተባለ ወሬው መቼ ይደርሳል? እስክትጠይቂ ሌላው ይቀድምሻል። ነጭ ሽንኩርትን አስታውሺ! ኮሮና የገባ ሰሞን ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ውጭ መድኃኒት የለም የሚለውን በዚህ ሰፈር ቀድሞ የላከው ማን ነው? እኔ ነኝ። ስጠይቅ ብውል ኖሮ ከእኔ በፊት የሚልከው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ከዚህ በሽታ ለማዳኑ ማስረጃ የለም ማለቱ እኛ ጋ የደረሰው ቆይቶ ነው። ዘገዩ! እስከዚያ የሰፈሩ ሽንኩርት አልቆ ነበር።

ጽጌ፦ እኔም በእጥፍ ነው የገዛሁት።

ጋሽ ዘውዴ፦ ይኸው! ሠርቷል ማለት ነው። ዋትስአፕን ግን ከዚያ በፊት ነው የጠላሁት። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ አታስተላልፍም ብሎ ቆለፈብኝ። የሐሰት ወሬ ለመቀነስ ነው አሉ። አምስት! እህት ወንድሞቼ ብቻ ሰባት ናቸው፤ ሁለቱን በምን ልለይ? ታናሼ ተቀይማ የልጇን ክርስትና ሳትጠራኝ ቀረች። ቴሌግራም ነው የደረሰልኝ። ይሄ የሠራው ፓቬል ዱሮቭ የሚባለው ልጅ ይባረክ፤ አንድ ግሩፕ 200 ሺህ ሰው ይይዛል። የእኛ እድር 186 አባል ነው ያለው። ገና ብዙ ሰው መሞት… ብዙ ሰው መግባት ይችላል ማለቴ ነው።

ጽጌ፦ የላኩት ቪዲዮ ግን የቀን ጥቅሌን ጨረሰው። ምን እንደሆነ እንኳ ሳላይ።

ጋሽ ዘውዴ፦ የትኛው? የቀጭኔዋ? እሱ የጠዋት ሰላምታ ነው፤ አይታይም። ዝም ብሎ ይቀመጣል።

(እዚህ ላይ ጽጌ ስልኳን አውጥታ አንድ ሊንክ ተጫነች። «404» የሚል መጣ።)

ጽጌ፦ ይሄኛው የለም ይላል።

ጋሽ ዘውዴ፦ ስንት ይላል? አራት መቶ አራት? ገና ነሻ! ከፊትሽ አራት መቶ አራት ሰው ተሰልፏል ማለት ነው። ትንሽ ቆይተሽ ሞክሪው፤ እኔ ጠዋት ገና በሌሊት ነው የምገባው።

(ሰልፉ ቀላል አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ ጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳወጣው በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። ጋሽ ዘውዴ ግን በ2013ም ሆነ ዛሬ ያው ናቸው፤ ሊንኩ ሞቶ እሳቸው ያስተላልፉታል።)

ጽጌ፦ ቶናው ደረሰ።

ጋሽ ዘውዴ፦ ስለ ቡና ካነሳሽ ይሄን ስሚ። ይሄን እንኳ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ፤ ስለ ቡና ስለሆነ። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሊቃውንቱ አንዲት የቡና ማፍያ ነበረቻቸው። ሌላ ፎቅ ያለው ሰው ደረጃውን ወጥቶ ወርዶ ሲደርስ ባዶ ሆና ያገኛታል። ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1991 ካሜራ ደቀኑባት! ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞላች ጎደለች እያለ ያያል። በ1993 ምስሉን ኢንተርኔት ላይ አወጡት። ከዚያ ዓለም ሁሉ ሊንኩን እየተቀባበለ ቡና ሲያይ ዋለ። ሳይጠጣ! ጥቁርና ነጭ፣ የመታወቂያ ፎቶ የምታክል ምስል። ሰው ሥራውን ትቶ ማፍያ ያያል።

ጽጌ፦ ማን ነበር የሚያጥበው?

ጋሽ ዘውዴ፦ እሱ አልተጻፈም። በ2001 ካሜራውን ዘጉት። ማፍያዋ ጨረታ ወጣች። የጀርመኑ ዴር ሽፒገል በ3,350 ፓውንድ ገዛት።

ጽጌ፦ ባዶዋን?

ጋሽ ዘውዴ፦ ባዶዋን! አሁን አስቢው። የእነሱ አቦል የላት፣ ቶና የላት፣ በረካ የላት፣ ዕጣን የላት፣ ፈንዲሻ የላት። ፈረንጅ በሷ ይህን ያህል ካበደ፣ በዚህች ጀበና ላይ አንድ ካሜራ ብናደርግ ምን ይሆናል? እኔ ሊንኩን አሠራጫለሁ፤ ገቢውን እኩል። ስትፈላ ያይዋታል፣ ስትገነፍል ያይዋታል። ኦስሎ ያለው ሰው «ጽጌ፣ እሳቱን ቀንሺ» ብሎ አስተያየት ይጽፍልሻል።

ጽጌ፦ ሦስት ጥያቄ መልሶ ነው ግን።

ጋሽ ዘውዴ፦ ተይ እንግዲህ እሱን። ይልቅ አንድ ነገር ልለምንሽ። አንድ ትልቅ ድርጅት 50 ጊጋባይት በነጻ እየሰጠ ነው። ሊንኩን ለአሥራ አምስት ሰው መላክ ብቻ ነው። በላክሽ ቁጥር አረንጓዴው መስመር ይሞላል። የእኔ ከፋሲካ ጀምሮ 98 ላይ ቆሟል።

ጽጌ፦ ለስንት ሰው ልከዋል?

ጋሽ ዘውዴ፦ አሁን ለመቶ አርባ ሰባት። አንድ ሰው ነው የጎደለኝ፤ አንቺ ነሽ።

ጽጌ፦ ስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል ጠየቀዎት?

ጋሽ ዘውዴ፦ ታዲያ ጊጋውን የት ይላኩልኝ? ጨዋ ናቸው፤ የእናቴን ስም ሳይቀር ነው የጠየቁኝ። «ማስታወስ ስለሚገባን» ብለው።

ጽጌ፦ እባክዎ ዛሬውኑ ይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ።

ጋሽ ዘውዴ፦ እ… እሺ፣ ቆይ ላስብበት። በረካውን ልጠጣና ልሂድ። ሒሳብ ስንት ነው? በስልክ እከፍላለሁ፤ እኔ ከዘመኑ ጋር ነኝ… ይኸው፣ ልኬልሻለሁ። ደረሰኙን እዪው።

(ጽጌ ስልኳን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። ደግማ አየችው።)

ጽጌ፦ ጋሽዬ፣ ይሄ ደረሰኝ የአንድ ጎማ ቤት ነው። ቀኑም ያለፈው ማክሰኞ ነው።

ጋሽ ዘውዴ፦ የእህቴ ልጅ ነው የላከልኝ። እኔ እንደደረሰኝ ነው ያስተላለፍኩት።

የሦስቱን ስኒ እኔ ከፈልኩ፤ በጥሬ ብር።