ስለ 7518 አከፋፈል የወጣ አዋጅ

ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። በቶሮንቶ፣ በኩዊን ጎዳና 501 ትራም ላይ የምታንቀላፋ፣ በጀምሰን አቬኑ ሊፍት የምትጠብቅ ሁሉ ጆሮህን ስጥ!

ዓመተ ፍዳ 5500 ከዓመተ ምሕረት 2018 ጋር ሲደመር ዓመተ ዓለም 7518 መሆኑን ባሕረ ሐሳብ ስላረጋገጠ፤

ባለፈው ዓመት የነገሠው 7517 ብቸኛ ቁጥር ሆኖ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር ማንም አይከፍለኝም በማለቱ፣ በየምግብ ቤቱም «በሞቴ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው» በሚል ግብግብ ሒሳብ ሳይዘጋ ስላመሸ፤

7518 ግን በ2፣ በ3፣ በ7 እና በ179 የሚከፈል፣ ዐሥራ ስድስት አካፋዮች ያሉት ሆደ ሰፊ ቁጥር ስለሆነ፤

ማንም ሳይወክለን የፓርክዴል ሰፈርን ሐበሻ ወክለን የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የአከፋፈል አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል፤ የሚጠቅሰው ከተገኘ።

አንቀጽ 2። በአንድ ገበታ የሚቀመጡ ሰዎች 2፣ 3፣ 6፣ 7 ወይም 14 ይሆናሉ። አምስት ሆነው የመጡ ስድስተኛ ሰው ከመንገድ ይጥሩ። ስምንት ከሆኑ አንዱ፣ በተለይ ስለ ፖለቲካ የሚያወራው፣ ውጭ ይጠብቅ። 179 ሰው መጥራት የሚፈቀደው ለሠርግ ብቻ ነው፤ ያልተጠራውም እንደሚመጣ ስለሚታወቅ ድግሱ ለ358 ይሰናዳ።

አንቀጽ 3። ራሱን 7518ን ትተን ሌሎቹን አካፋዮች ብንደምር 9762 ይመጣል፤ ከቁጥሩ በ2244 ይበልጣል። ቁርጥራጩ ተደምሮ ከሙሉው መብለጡ ለሌላ ሰፈር እንቆቅልሽ ይሆን ይሆናል። እኛ ግን የቪክቶሪያ ዘመን ባለጸጎች ያሠሯቸው ትልልቅ ቤቶች በክፍል በክፍል ተሸንሽነው ሲከራዩ ያየን ሰዎች ነን። አንዱን ወጥ ቤት ለስድስት የሚያከራይ ሰው ይህን ቀመር ከእኛ እንዳልተማረ እናረጋግጣለን። ተከራዮችስ? በፈረንጆቹ ሜይ 1 ቀን 2017 የሰፈሩ ተከራዮች ጭማሪውን አንቀበልም ብለው ኪራይ መክፈል ያቆሙበት ታሪክ ለዚህ አንቀጽ ማብራሪያ ሆኖ ያገለግላል።

አንቀጽ 4። 7518 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። ትርፉ 2 ዓመቱን ለማርቆስ ሰጥቶታል። 1879 መጠነ ራብዒት ተብሎ ከዓመተ ዓለሙ ጋር ተደምሮ 9397 ይሆናል፤ በ7 ሲገደፍ 3 ይቀራል፤ ማክሰኞን አንድ ብለህ ስትቆጥር እንቁጣጣሽ ሐሙስ ዋለ። ግማሾቻችን ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርን። ደግሞም ፓርክዴል ራሷን የቻለች መንደር የሆነችውም በ1879 እ.ኤ.አ. ነው! በ1889 ቶሮንቶ ጠቀለላት። ሁለቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። የፈረንጅን ዘመን ከሊቃውንት መጠነ ራብዒት ጋር ማዳበል ነውር ነው የሚል ካለ አቤቱታውን በጽሑፍ ያቅርብ፤ መልሱ ቀደም ብሎ ተጽፏል።

አንቀጽ 5፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ። 1879 መጠነ ራብዒት ሆኖ የሚያገለግለው ከ2016 እስከ 2019 ዓ.ም. አራት ዓመት ብቻ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ሲያበቃ ወንበሩን ለ1880 ያስረክባል። ዘመን ማራዘም፣ ኮሚሽን ማቋቋም፣ «ሕዝቡ ለምኖኝ ነው» ማለት አይቻልም። ያን ጊዜ የሚገባው 7520 በ5 የሚከፈል ስለሆነ፣ አምስት ሆነው የመጡ እስከዚያው በራፉ ላይ ይታገሱ።