የበዓል መኪናና የአዘቦት መኪና፦ የዳንግላ የቦሎ ጥናት

መኪና በአገራችን የሚመደበው በመቀመጫው ብዛትና በሚጭነው ኩንታል ነው። ይህ አመዳደብ ለቀረጥ ሰብሳቢ ይበቃል፤ ከዳንግላ መናኸሪያ ተሳፍሮ ኮሶበር በሰላም መድረስ ለሚሻ ሰው ግን ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ይህ ጥናት አዲስ አመዳደብ ያቀርባል። በዳንግላ ያለው መኪና ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ የበዓል መኪናና የአዘቦት መኪና። የበዓል መኪና በዓመት አንድ ቀን የሚታይ ሲሆን፣ ቀኑም የቴክኒክ ምርመራ ቀን ነው። የአዘቦት መኪና የቀሩትን ቀናት ሁሉ ይሠራል። ሁለቱ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ የሻንሲ ቁጥርና አንድ ባለቤት አላቸው። ከዚያ ውጭ ዝምድናቸው የሩቅ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ያለፈውም ቦሎውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1960 እንዲህ ያለውን ምርመራ ሲጀምሩ አሥር ዓመት የሞላቸውን መኪኖች ብቻ ነበር የጠሩት። በእኛ ከተማ አሥር ዓመት የሞላው መኪና «አዲሱ» ተብሎ ይጠራል።

ከሞተር በፊት ነገሩ ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ተቀምጦ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሜጀር ቺዝማን የጣናንና የዓባይን አገር ሲያስስ አጋሰሱም መጓጓዣውም በቅሎ ነበረች። በቅሎ ጥርሷ ታይቶ፣ ኮቴዋ ተነሥቶ ትመረመራለች፤ የጎረቤት በቅሎ ኮቴ ተውሳ ግን አትቀርብም። የአገው ፈረሰኞችም ጥር 23 እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ ለፈረስ ጌጥ መዋስ ያለ ነው፤ እግር መዋስ ግን የለም። የውሰት እግር ወደ አካባቢያችን የገባው ከጎማ ጋር ነው።

ክፍል አንድ፦ የአዘቦት መኪና

የአዘቦት መኪና ጥገና የሚመደበው ሜካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በሚናገረው ቃል ነው።

«ይሄዳል»፦ ቡሎኑ በሽቦ ሲተካ።

«ለጊዜው ነው»፦ ከጥገና ሁሉ የሚበረክተው ይህ ነው። ለጊዜው ተብሎ በሽቦ የታሰረ ማርሚታ የባለቤቱ ልጅ ተድራ፣ ወልዳ፣ የልጅ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባም እዚያው ታስሮ ይገኛል።

«ዕቃው ባሕር ዳር ነው»፦ ዕቃው በመራዊ፣ በወተት አባይና በዱርቤቴ በኩል አልፎ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ያለ እሱ መኖርን ይለምዳል። ከለመደ በኋላ ማምጣቱ ወጪ ብቻ ይሆናል።

«አታስብ»፦ ማሰብ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የበሽታው መለያ መንገድ ግን ክብር ይገባዋል። ሜካኒኩ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ባለመኪናው፣ ረዳቱና ሥራ ፈትቶ የቆመው ሁሉ ዝም ይላል። ከዚያ «ኩሽኔታ ነው» ይላል። ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። የኩሽኔታውን መታመም በጆሮ የሚለይ ሰው ኩሽኔታውን እንዳይለውጥ የሚያግደው እውቀት ማነስ አይደለም፤ የባለመኪናው ኪስ ነው።

ፍሬን በሁለት ይከፈላል፤ የሚይዝና በሦስተኛው የሚይዝ። በሦስተኛው የሚይዘው እንደ ሽማግሌ ነው፤ የመጀመሪያው ርግጫ ለማሳወቅ፣ ሁለተኛው ለመለመን፣ ሦስተኛው ለውል። ከኮሶበር ወደ ዳንግላ ቁልቁል ሲወረድ ሾፌሩ ሽማግሌዎቹን ቀደም ብሎ መላክ ይኖርበታል።

ታኮን በተመለከተ፦ ድንጋይ ነው።

በር የራሱ ምሥጢር አለው። ተሳፋሪ ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ረዳቱ «አትንኩት! እኔ ልክፈተው!» ብሎ ይጮኻል። ከፍ አድርጎ፣ ወደ ራሱ ስቦ፣ በጉልበቱ ገፍቶ ሲከፍተው በሩ በከመነዳሪ ልጥ መታሰሩ ይታያል። ረዳቱ የታመመ ቀን መኪናው የሚቆመው ለዚህ ነው።

ክላክስን ጥገና ላይ ያየው ሰው የለም። ክላክስ ተበላሽቶ አያውቅም።

ክፍል ሁለት፦ የበዓል መኪና

ምርመራው ሲቃረብ ባለመኪናው ዘመዶቹን ማስታወስ ይጀምራል። ጥርስ ያላቸው ሁለት ጎማዎች ከአማቹ አይሱዙ ይመጣሉ። ስፖኪዮ ከጓደኛ፣ ፍሬቻ ከጋራዥ። ስቶፕ መብራቱ ለአንድ ቀን እንዲበራ ኤሌክትሪሺያን ይጠራል። ማልዶ ቦዲው ይታጠባል፤ ሞተሩ በናፍጣ ይወለወላል፤ ዘይት የሚያፈሰው ቦታ ከደረቀ መርማሪው አያየውም የሚል ጽኑ እምነት አለና። የማይዋሱት አንድ ነገር ቢኖር የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው፤ በስም ስለሆነ ይከፈላል። መዋስ ስላልተቻለም በዚህ ጥናት ውስጥ ቦታ የለውም።

ጥናቱ ሰፊ ቦታ የሚሰጠው ለእሳት ማጥፊያ ነው።

የውሰት እሳት ማጥፊያ በሰፈሩ አጠራር «ቀይዋ» ትባላለች። ክንድ የማትሞላ፣ ትከሻዋ ላይ የተሰረጎደች፣ ጽሑፏ በእጅ ብዛት የተፋቀ ናት። አንገቷ ላይ ትንሽ ሰዓት አለች፤ መርፌዋም አረንጓዴው ላይ ቆማለች። ብትወዘወዝም፣ ብትወድቅም፣ ፀሐይ ላይ ብትውልም ከአረንጓዴው አትነቃነቅም። ይህን ጽናት አንዳንዱ የጥራት ምልክት ነው ሲል፣ አንዳንዱ ደግሞ መርፌዋ ተጣብቃ ነው ይላል። ጥናቱ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል።

ቀይዋ የምትገኝበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው የቤተሰብ ውሰት ሲሆን ምላሹ ምስጋና ነው። ሁለተኛው የጋራዥ ውሰት ነው፤ ምላሹ «ጥገናውን እኛ ጋ አድርገው» የሚል ማሳሰቢያ ይሆናል። ሦስተኛው የሰንሰለት ውሰት ነው፤ ከተዋሰ ሰው መዋስ። እዚህ ደረጃ ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ማን እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም። ቀይዋ የማንም ሳትሆን የሁሉም ትሆናለች፤ ስንት የኅብረት ሥራ ማኅበር በስብሰባ ያላገኘውን እሷ በዝምታ አግኝታዋለች።

መዋስ ሥርዓት አለው። ግቢ ገብቶ «እሳት ማጥፊያ ስጡኝ» የሚል ባለጌ ነው። መጀመሪያ የቤተሰቡ ደኅንነት ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ከብቱ፣ ቀጥሎ በቆሎው። ቡና ከቀረበ እስከ ሦስተኛው ስኒ ይጠበቃል። ከዚያ ጉሮሮ ይጠረጋል፦

«አያ፣ ያቺ ቀይዋ ትኖር ይሆን?»

«ውይ፣ ትናንት የእህቴ ልጅ ወሰዳት።»

«መቼ ትመለስ ይሆን?»

«ካለፈ ማታውኑ ያመጣታል። ከወደቀ ግን ደግሞ እስኪሞክር እሱው ጋ መክረሟ ነው።»

ጠያቂው በዚህ ጊዜ ለሰውየው የእህት ልጅ መኪና ከልቡ መጸለይ ይጀምራል። በአገራችን ሰው ለሌላው ሰው ፍሬን እንዲህ የሚጨነቅበት ሌላ አጋጣሚ የለም።

በምርመራው ቀን ቀይዋ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ትቀመጣለች። መርማሪው ያነሣታል፤ ሰዓቷን ያያል፤ ይመልሳታል። ዓምናም አይቷታል፤ ባለፈው ሳምንትም በሌላ መኪና ውስጥ አይቷታል። ስርጉዷን ሳያውቃት አይቀርም። የሚጠየቀው ግን «አለ ወይስ የለም?» ነው፤ አለች። ከዳንግላ ንብረት ሁሉ እንደ ቀይዋ ተመላልሶ የተመረመረ አይገኝም። ሚኒባሱንም፣ አይሱዙውንም፣ የጭነት መኪናውንም አሳልፋለች። በዓመት አንዴ ለሚመረመር መኪና ቦሎ ከተሰጠ ለእሷ ኒሻን ይገባት ነበር። እስከ ዛሬ ያልሠራችው ሥራ ቢኖር እሳት ማጥፋት ነው። በሆዷ የሚረጭ ነገር ይኑር አይኑር ለማወቅ መተኮስ ያስፈልጋል፤ ከተተኮሰች ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ ቦሎ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ መኪና ቢቃጠል እንኳ እሷን ማዳን ይቀድማል። ደግነቱ በዚያ ሰዓት እዚያ አትገኝም። አፈር ይበተናል፤ ሰው ይጮኻል፤ ረዳቱ የበሩን ልጥ ይፈታል።

ለምን አንድ አይገዛም? ባለመኪናው ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም፤ ይቆጥራል። ጎማ አለ፤ ባትሪ አለ፤ የፍሬን ሸራ አለ፤ ዘይት አለ፤ ዕቁብ አለ። አዲስ መኪና ስለመግዛት ማንሣት ደግሞ ነውር ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን ሰቀለው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተባለ። በዚህ መሐል አሮጌው መኪና ከእርጅና ወደ ቅርስነት ተሸጋገረ። ቅርስ ደግሞ አይወገድም፤ ይጠገናል፤ ለጊዜው።

ክፍል ሦስት፦ ማግስቱ

ከምርመራው ማግስት ጎማዎቹ ወደ አማች፣ ስፖኪዮው ወደ ጓደኛ፣ ቀይዋም ወደ ቀጣዩ ባለጉዳይ ይሄዳሉ። መስታወቱ ላይ የቀረው ቦሎ ብቻ ነው፤ እሱም ትናንት ስለነበረ መኪና ይመሰክራል። በዚህ ክፍል የጎማ ውሰትን በስድስት ንዑስ ምድቦች ልዘረዝር አስቤ ነበር። አሁን ሳየው ሁሉም አንድ ነው፦ ጥርስ ያለው ጎማ ምርመራ ላይ፣ መላጣው ጎማ ሰው ላይ። ይህን ለመናገር ምድብ አያስፈልግም።

ስለዚህ ጥናቱ በአንድ የውሳኔ ሐሳብ ያበቃል። ወይ ምርመራው ሳይነገር፣ በአዘቦት ቀን፣ መኪናው ሰው ጭኖ ሊነሣ ሲል መናኸሪያው በር ላይ ይደረግ፤ ወይ ተሳፋሪው እንደ መርማሪው በበዓል ቀን ብቻ ይሳፈር። ሁለተኛው ርካሽ ስለሆነ ተቀባይነት የሚያገኘው እሱ ሳይሆን አይቀርም።