ቴሌቪዥኑን ይተዉትና ምጣዱን ይጠይቁ

«ቴሌቪዥን አጥፉ! ቆጣሪዬን ጨረሳችሁት እኮ!» ይላሉ አከራዩ፣ የመብራት ሂሳብ በመጣ ቁጥር።

ኧረ ጋሼ፣ ጥፋተኛው ሳሎን የለም፤ ማድ ቤት ይሂዱ! ባለ 32 ኢንቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ቢበላ ቢበላ 50 ዋት ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዋት ይስባል። ባለ 3,500 ዋቱ ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው ያንን ቴሌቪዥን 70 ሰዓት ያሠራዋል። በቀን 5 ሰዓት ብናይ እንኳ የሁለት ሳምንት ነው።

«እንጀራ ግዴታ ነው፤ ቴሌቪዥን ቅንጦት!»

እንጀራውን ማን ነካው? በብልሃት ይጋገር ነው ያልነው። ዛሬ አንዷ ተከራይ፣ ነገ ሌላዋ ቀዝቃዛ ምጣድ ከምታግል፣ በአንድ ቀን ተራ ይዘን በጋለው ላይ ብንከታተል ማሞቂያው ብቻ ስንት ያተርፍልናል!

«ቀይዋ መብራትስ? ሌሊቱን ሙሉ በርታ ታድራለች!»

በአዲሶቹ ቴሌቪዥኖች እሷ ከ1 ዋት አትበልጥም። ሲሞቅ የሚያድረው የዲሹ ሪሲቨር ነው፤ እሱ ይነቀል ካሉ እውነትዎን ነው፣ ዛሬውኑ እንነቅለዋለን። ደጅ ላይ ያንጠለጠሏት ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል ግን ከቴሌቪዥኑ ትበልጣለች። በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ይቀይሯት።

«ልጆቹን አፈዘዛቸው!»

አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ ለአገር ልጅ ተረት የነገሩት በምን ሆነና! «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለችው ፕሮግራም ሕፃናቱን ያስተማረችው በምን ሆነና! በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪው መምህሩ የመጣለት በቴሌቪዥን ነው። ሲኒማ ቤት መግባት ለማይችል ቤተሰብ፣ አልጋ ለያዙ እናት፣ ፊደል ላልቆጠረ አባት ከዚህ የረከሰ መማሪያና መደሰቻ ከየት ይመጣል? ይህን ከድሃ ቤት ማስጠፋት ግፍ ነው።

«ታዲያ ሂሳቡን ምን አናረው?»

እዚህ ላይ ደግሞ አብረን እንቆጣ ጋሼ! የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ርካሽ ነው፤ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ የሁሉም ተደምሮ ውዱ እርከን ላይ ይወጣል። ለየብቻ ቢለካ ብዙዎቻችን ታች እንቀር ነበር። ጥቂት የሚጠቀመው ድሃ፣ ከሌላው ጋር ስለተደመረ ብቻ የብዙ ተጠቃሚ ዋጋ ይከፍላል።

ስለዚህ ጋሼ፣ ለየቤተሰቡ ቆጣሪ እንዲገባ አብረን እናመልክት፤ ወጪውን እንጋራለን። እስኪገባ ድረስ ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ያስገጥሙልንና ሁሉም የተጠቀመበትን ይክፈል። በቴሌቪዥኑ ግን ከእንግዲህ አይቆጡን።