በዳቦ ይሁን በእንጀራ?

በጎንደር ፒያሳና በየሰፈሩ ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች የአንዱን የምግብ ዝርዝር ያነበበ እንግዳ፣ ባለቤቱን ጣሊያናዊ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ፓስታ በስጎ፣ ፓስታ በአትክልት፣ ፓስታ በቱና፣ መኮሮኒ በሥጋ፤ ማሳረጊያው ማኪያቶ። ጥርጣሬው የሚበተነው አስተናጋጇ «በዳቦ ይሁን በእንጀራ?» ብላ ስትጠይቅ ነው። ምላሴ አገር አይቷል የሚል ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን አጨማዶ «ይኼማ የጣሊያን ምግብ አይደለም» ይላል። እውነቱን ነው፤ የእኔም ክርክር ይኸው ነው። የሰፈራችን ፓስታ ቤት የጎንደር ምግብ ቤት ስለሆነ መመዘን ያለበት በጎንደር ሚዛን ነው።

ማስረጃውን ከታሪክ እንጀምር። ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲል፣ አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ የተቀበሉትን የሮም ሃይማኖት አንቀበልም ብለው ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው። በሦስት መቶ ዓመቱ፣ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ሮም በወታደር ታጅባ ተመልሳ ገባች። ፒያሳን ሠራች፤ የሊማሊሞን ገደል ጠርባ መንገድ አወጣች። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው እንኳ፣ ጄኔራል ናሲ ጎንደርን የሙጥኝ ብሎ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ቆየ። በመጨረሻ ጄኔራሉ እጁን ሰጥቶ ሄደ፤ ፓስታው እጁን ሰጥቶ ቀረ። የቀረውም የአገሩን ሥርዓት ተቀብሎ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ የሁዳዴን 55 ቀን ያለ ሥጋና ያለ ቺዝ በቲማቲምና በዘይት ብቻ ይከርማል። ኢየሱሳውያኑ ጎንደሬን ወደ ሮም ሊወስዱት ደክመው ያልሆነላቸውን፣ ጎንደሬ በሮም ፓስታ ላይ ያለ ስብከት ፈጸመው።

«ደግሞ አብዝታችሁ ትቀቅሉታላችሁ፤ ጣሊያኖች እኮ ለጥርስ ትንሽ ጠንከር ሲል ነው የሚያወጡት» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ለዚህ መልሱን የሚሰጠው ተራራው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ ውኃ እዚህ የሚፈላው ገና ወደ 93 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው፤ ደባርቅ ላይ በዚያ ሰዓት የወጣ ፓስታ ምሳ መሆኑን ገና አልሰማም። ከዚህ በላይ ግን የእንጀራው ጉዳይ አለ። ደርቆ የወጣ ረጅም ፓስታ በእንጀራ ሲጠቀለል በዚህም በዚያም እያፈተለከ ያመልጣል። ተሰብሮ የተቀቀለና ለስለስ ያለው ግን እጅ ያርፍበታል፣ ለጉርሻም ይመቻል። ሹካ ሰውን ብቻውን ያበላል፤ በሹካ ጠቅልሎ ሌላውን ላጉርስ የሚል ደግሞ ዓይን ያጠፋል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከሌላ ወገን ነው፦ «አባቶቻችን የወጉት ጠላት ያመጣውን ምግብ እንዴት የእኛ ትላለህ?» አርበኞቹ የተዋጉት ከመድፉ ጋር እንጂ ከመኮሮኒው ጋር አልነበረም። በዚያ ላይ ፓስታ የሚሠራበት ዱረም ስንዴ ለአገራችን ባዳ አይደለም፤ የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. መጥቶ የተደነቀው በዚሁ ስንዴያችን ዓይነት ብዛት ነበር። ቲማቲሙስ? ከአሜሪካ የተገኘ ነው፤ ጣሊያን ያወቀው ከኮሎምበስ በኋላ ነው። የእኛም በርበሬ የመጣው ከዚያው ነው። ጣሊያን የአሜሪካን ቲማቲም አልምዶ የራሴ ካለ፣ ጎንደሬ ፓስታውን በበርበሬና በእንጀራ አልምዶ የእኔ ቢል የሚከሰው የለም።

ይህ ክርክር ግን ለሰነፍ ወጥ ቤት መሸሸጊያ እንዳይሆን። በጎንደር ሚዛን ይመዘን ማለት ይማር ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የጎንደር ሚዛን ይጠብቃል። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ግማሽ ቀን በሚቁላላበት አገር፣ ሽንኩርቱ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ፣ ድልሁ ገና ጥሬ ጥሬ የሚል ስጎ አቅርቦ «የጣሊያን አሠራር ነው» ማለት አያዋጣም። ስጎው በደንብ ይቁላላ፣ የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ይብረድ፣ በርበሬው ይሰማ እንጂ አይጩህ፣ እንጀራውም የዕለቱ ይሁን። ይህን ያሟላ ቤት ሮም ምን እንደምትል መጠየቅ አያስፈልገውም። የምግብ ቤት ባለቤቶችም አንድ ነገር አድርጉልን፤ «ፓስታ በእንጀራ» ደንበኛ በሹክሹክታ የሚያዘው ነገር መሆኑ ይብቃና፣ ከምግብ ዝርዝሩ አናት ላይ ከነዋጋው ጻፉት።