ወረቀቱን ይዞ ዳላስ ገባ

እሑድ ከሰዓት፣ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና። አቦል ወርዷል። ቴሌቪዥኑ የዳላስን የወንዶች ቴኒስ ያሳያል። ከሳን ሆዜ በ880 አውራ ጎዳና መኪና ውስጥ ተጋግሮ የመጣ አንድ ወዳጃችን አለ፤ ፊት ለፊቱ የኦክላንድ ታክሲ ነጂ ተቀምጧል። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ።)

«ይሄ እኮ የእኛ ውድድር ነበር» አለ የሳን ሆዜው።

የኦክላንዱ ሲኒውን እንኳ አላስቀመጠም። «አይዞህ፤ እኔም የቀድሞ ሚስቴን ፌስቡክ ላይ ሳያት እንደዚሁ እላለሁ።»

ተጀመረ።

«ቀልድ አንተ! በ1889 ሞንተሬይ ላይ የተጀመረ ውድድር ነው። አፄ ምኒልክ ዘውድ በጫኑበት ዓመት!»

«ምኒልክማ ከተማ ቆርቁረው ሄዱ። የእናንተው ምን ተክሎ ሄደ?»

«አጋሲና ሳምፕራስ አሸንፈውበታል። አንዲ መሬይ በ18 ዓመቱ የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ ያነሣው በ2006 ሳን ሆዜ ላይ ነው!»

«ዋንጫው የመሬይ፣ አዳራሹ የሆኪ፣ ፈቃዱ የኩባንያ። ያንተ የቱ ነው? የመኪና ማቆሚያው?»

«እሱንም ከፍዬ ነው።»

እውነት ለመናገር ትልቅ ውድድር አልነበረም። ዊምብልደንን ያሸነፈ 2000 ነጥብ ያገኛል፤ የሳን ሆዜው ዋንጫ 250 ነበር፤ በዋናው የወንዶች ዙር ከዚያ በታች ደረጃ የለም። የኦክላንዱ ይህችን ሲሰማ ዝም አይልም፦ «ደረጃው ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ተመልካቹ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባው!»

«ራኦኒችን የሚያህል ሰው ሦስት ዓመት ተከታትሎ፣ 2011፣ 2012፣ 2013 ወስዶታል!»

«አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከወሰደውማ ዕቁብ መሆኑ ቀርቶ ደሞዝ ሆኗል። መዘጋቱ ሲያንስ ነው።»

በ2013 አበቃ። አሟሟቱ ግን እንደ ሰው አይደለም። የቴኒስ ውድድር የከተማ ሀብት ይመስላል እንጂ ፈቃዱ የሚሸጥ የሚለወጥ ወረቀት ነው። የሳን ሆዜው ባለቤት የሆኪ ቡድኑ ኩባንያ ነበር፤ የሜምፊስንም ውድድር ይዟል። ሜምፊስ የራሷን ባለ 500 ፈቃድ ለሪዮ ዴ ጄኔሮ አስረከበችና የሳን ሆዜን 250 ወሰደች። ያው ወረቀት በ2018 ኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ደረሰ፤ በ2022 ዳላስ ገባ፤ በ2025 እዚያው 500 ሆነ።

«ቁርጥ የአጎቴን ልጅ!» አለ የኦክላንዱ። «ሳን ሆዜ ኪራይ ከበደው፣ ሜምፊስ ዘመድ ጋ አረፈ፣ ኒው ዮርክን ሞከረ፣ ዳላስ ገብቶ ወፈረ።»

ቶና ተቀዳ። የሳን ሆዜው ፊቱ ፈካ፤ ተራው ደርሷል።

«ለመሆኑ ስለ መሄድ የምታወራው አንተ ነህ? ዋሪየርስ በ2019 ሳን ፍራንሲስኮ፣ ሬይደርስ በ2020 ላስ ቬጋስ፣ ቤዝቦሉ ከ2024 ወዲያ ሳክራሜንቶ። ከተማህ መሸኘት ከማብዛቷ የተነሣ ኤርፖርታችሁ ራሱ በ2024 ስሙን ይዞ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሊጠፋ ሲል በፍርድ ቤት ነው የተያዘው!»

ቤቱ ሣቀ። የኦክላንዱ ግን ቴኒስ ነው የያዘው፤ ወደ ቴኒስ ተመለሰ። «እኛ ጋ እኮ የሴቶቹ ውድድር ነበር። ቬነስ ዊሊያምስ በ14 ዓመቷ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1994፣ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ጨዋታዋን እዚሁ ኦክላንድ አሸንፋለች። በሚቀጥለው ጨዋታ አራንቻ ሳንቼዝን፣ የዓለም ሁለተኛዋን፣ በመጀመሪያው ሰት 6 ለ 2 አሸንፋ፣ በሁለተኛው 3 ለ 1 እየመራች ሳለ…»

«እየመራች ሳለ ምን?»

«…ተሸነፈች።»

«ኦክላንድ ማለት ይቺ ናት! እየመሩ መሸነፍ!»

«የሴቶቹ ውድድር በ1971 ሳን ፍራንሲስኮ ሲጀመር ቢሊ ጂን ኪንግ ናት ያሸነፈችው። ኋላ ውድድሯ እኛ ጋ መጣች። በ1996 ሂንጊስ ሴለስን እዚህ በፍጻሜው 6 ለ 2፣ 6 ለ 0 ቀጣች…»

«ከዚያስ?»

«በ1997 ውድድሯ ስታንፎርድ ገባች።»

«ተምራ ሄደች በለኛ!»

«ተምራ እናንተ ጋ መጣች! በ2018። እናንተስ ምን አደረጋችሁ? በመጀመሪያው ዓመት ሴሬናን የሚያህል እንግዳ ጠርታችሁ፣ በመጀመሪያ ጨዋታዋ በኮንታ እጅ 6 ለ 1፣ 6 ለ 0። ሴሬና ፕሮፌሽናል ከሆነች ወዲህ እንደዚያ ተሸንፋ አታውቅም። እንግዳ እንዲህ ነው የሚቀበሉት?»

«ታዲያ አሁን ውድድሯ የት ናት?»

«አንተ ንገረኛ!»

የሳን ሆዜው ሲኒው ውስጥ ተመለከተ። «በ2023 የዋሽንግተኑን ውድድር አግብታ ዲሲ ገባች።»

ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ሁለቱም አብረው ሣቁ። ወንዱ ዳላስ፣ ሴቷ ዲሲ! ውድድሮቹ እንኳ ሐበሻ የበዛበትን አጥንተው ነው የሄዱት።

ቡናውን የሚያፈሉት እትዬ እስካሁን አልተናገሩም ነበር። «እናንተ ልጆች» አሉ ከሰሉን እየነካኩ፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል አልሰማችሁም? ባለ ወረቀቱ ወረቀቱን ይዞ ሄደ። ምን ያጣላችኋል?»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ ወረቀት ስንጠብቅ ዓመታት የፈጀነው እዚህ ለመቅረት ነበር፤ የቴኒሱ ወረቀት ግን የመሄጃ ነው። በስሙ የሚኮራ ከተማ አዳራሹን ያበድራል፣ ትኬቱን ይገዛል፣ ያጨበጭባል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ስሙ የለም። ሌክ ሜሪት አጠገብ ያለው የሕዝብ ሜዳ መረቡ ቢላላም ዛሬም እዚያው ነው፤ የሚሸጠው ሰው ስለሌለ።

በረካው ሊቀዳ ሲል የኦክላንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሚቀጥለው ወር እኔም ልሄድ ነው።»

«የት?»

«ኪራዩ አልቻል አለኝ…»

«የት ነው ያልኩህ?»

«ዳላስ።»

የሳን ሆዜው ይህን ቀን ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረ ይመስላል። ግን አልጮኸም። እጁን ጓደኛው ትከሻ ላይ አሳርፎ «ሂድ ወንድሜ» አለው። «እዚህ 250 ነበርክ፤ እዚያ 500 ትሆናለህ።»

እትዬ ጀበናውን አነሡ። «ወረቀት ቢኖረውም» አሉ፣ «በረካን ሳይጠጣ ከዚህ ቤት የሚነሣ የለም!»